የ363,053 ዶላር ባዳ

ለመሆኑ መንግሥት አንድን ሰው ለሟች «ባዳ ነው» የሚለው በምን ሚዛን መዝኖ ነው? ሕግ አስተማሪ ነኝና ይህን ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር ኢዲት ዊንዘር ትታወሰኛለች።

ኢዲት በኒው ዮርክ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ፍቅረኛዋ ቲያ ስፓየር ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በ1967 ቲያ ለጋብቻ ስትጠይቃት የሰጠቻት ቀለበት ሳይሆን ክብ የአልማዝ የደረት ጌጥ ነበር፤ ቀለበት ቢሆን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ «እጮኛሽ ማን ነው?» ማለታቸው አይቀርምና። ከፍርድ ቤቱ ሐተታ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ይህ ጌጥ ነው። (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነትን ከሕመም ዝርዝሩ የሰረዘው በ1973 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቲያ በመጽሐፉ መሠረት ሕመምተኛ ነበረች ማለት ነው!)

በ1977 ቲያን ነርቭ የሚያዳክም በሽታ ያዛት። ከምርኩዝ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ስትሸጋገር ኢዲት ሠላሳ ዓመት አስታመመቻት። በ2007 ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ፤ በ2009 ቲያ ዐረፈች። የኒው ዮርክ ግዛት ጋብቻቸውን ቢያውቀውም፣ በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ ወስኖት ስለ ነበር፣ ኢዲት 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ክፈይ ተባለች። ቲያ ወንድ ብትሆን ኖሮ ይህ ባልተጠየቀ ነበር። ከፈለች፤ ከሰሰችም። በሰኔ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደላት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 84 ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወንድና ሴት ሳይጋቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩትን ሀብት የጋራ ያደርግላቸዋል። የወንጀል ሕጋችን ግን እንደ ኢዲትና ቲያ ያሉትን በእስራት ይቀጣል። ይህን በክፍል ውስጥ ሳነሣ «ባህላችን አይፈቅድም» የሚለኝ ተማሪ አላጣም። ስለ ጋብቻ ሥርዓት ከሆነ ክርክሩ ይገባኛል። ነገር ግን ያስታመመን፣ ዐይን የከደነን ሰው ባዳ የሚል ባህል የትኛው ነው? በእኛም ከተሞች ለባልንጀሮቻቸው «አብሮ አደግ» ወይም «የቤት ተጋሪ» ተብለው የሚያስታምሙ አሉ፤ የሟች ዘመድ መጥቶ ቁልፉን ሲቀበላቸው የሚከራከሩበት አንቀጽ የላቸውም።