የፊልም ዕድሜና የልጅ ዕድሜ

ባለፈው ወር ከቅዳሴ በኋላ አንድ የአጥቢያችን አባት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኔ ቀረቡና፣ «መምህር፤ ይህ ልጅ ‹ሞርታል ኮምባት› የሚባለውን ፊልም ካላሳየኸኝ እያለ አስጨነቀኝ። እኔም በወጣትነቴ ጨዋታውን ተጫውቼዋለሁ፤ ከጨዋታው የተሠራውንም ፊልም ያን ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አልጎዳኝም። እርሱ ገና 11 ዓመቱ ነው። ላሳየው ወይስ ልከልክለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው በየቤቱ የሚነሣ ነውና መልሴን ለእርሳቸው ብቻ ከማስቀረው በዚህ ዐምድ ልጽፈው ወደድሁ።

በቅድሚያ የነገሩን ታሪክ እንመልከት። ጨዋታው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 በአሜሪካ የወጣ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በጨዋታው ሁለት ተዋጊዎች ይጋጠማሉ፤ አሸናፊውም ተሸናፊውን በአሰቃቂ አገዳደል ይጨርሰዋል። በ1993 ለቤት መጫወቻ ተዘጋጅቶ ሲሸጥ፣ አንዱ ስም ሁለት መልክ ይዞ ወጣ። በኒንቴንዶ መሣሪያ የሚሠራው ደሙ ተለውጦ ላብ ሆነ፤ በሴጋ መሣሪያ የሚሠራው ግን አዝራሮቹ በምሥጢራዊ ቅደም ተከተል ሲነኩ ደሙን ያሳይ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል ጉዳዩን በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አስመረመሩ። በ1994ም የጨዋታ ኢንዱስትሪው ለእያንዳንዱ ጨዋታ የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት አቋቋመ።

ፊልሙም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። የ1995ቱ ፊልም በአሜሪካ «ፒ ጂ 13» የሚባለውን ደረጃ አገኘ፤ ይኸውም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይስማማ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ወላጆች አጥብቀው ያስቡበት ማለት ነው። በ2021 የወጣው ግን ደም የበዛበት ግድያና ጸያፍ ንግግር ስላለው «አር» ተባለ፤ ይህም ከ17 ዓመት በታች የሆነ ሰው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልተከተለው ሲኒማ ቤት አይገባም ማለት ነው።

እነሆ፣ የአባትየው ስሕተት ከዚህ ላይ ነው። እርሳቸው የሚያስታውሱት የ1995ቱን ነው፤ ልጃቸው የሚጠይቀው የ2021ዱን ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፊልምን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴ ነው።

እንግዲህ ከጨዋታ የተሠራ ፊልም ምን ዓይነት የዕድሜ ደረጃ ይገባዋል? «ጨዋታ ነውና የልጆች ነው» ማለት ስንፍና ነው፤ «ከጨዋታ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው» ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2023 ከማሪዮ ጨዋታ የተሠራው ፊልም «ፒ ጂ» የተባለ፣ ለቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ደረጃው መሰጠት ያለበት ለስሙ ሳይሆን በውስጡ ለሚታየው ነው። ለ2021ዱ ፊልም «አር» መባሉ ተገቢ ነው እላለሁ፤ እንዲያውም ቀሏል። በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች 18 የተባለን ፊልም ለማየት ልጅ አባቱን አስከትሎ እንኳ መግባት አይችልም፤ በአሜሪካው «አር» ግን የበሩ ቁልፍ በወላጅ እጅ ነው።

ይሁን እንጂ እኔ ከደሙ ይልቅ የምፈራው ነገር አለ። ደሙ ተጠርጎ ግድያው ሲቀር፣ የዕድሜው ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ልጁ ግን ሰው ሲሞት የሚያለቅስ እናት እንደሌለች፣ መግደልም የሚጨበጨብለት ብልሃት እንደ ሆነ ይማራል። መርማሪዎቹ የሚመዝኑት ዐይን የሚያየውን ነው፤ ልብ የሚማረውን መመዘን የወላጅ ፈንታ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ዐጻዌ ኆኅት የሚባል ማዕርግ አለ፤ በር ጠባቂ ማለት ነው። ሥራውም የሚገባውንና የማይገባውን መለየት ነው። ዛሬ ፊልም በየስልኩ ስለሚመጣ ትኬት የሚቆርጥ፣ ዕድሜ የሚጠይቅ ዘበኛ የለም። ስለዚህ አባትና እናት ለቤታቸው ዐጻዌ ኆኅት ካልሆኑ የሚሆንላቸው የለም።

ለአባትየው ይህን ብዬ መከርኋቸው፤ «አስቀድመው ልጁ ከተኛ በኋላ ፊልሙን ብቻዎን ይዩት። አይተውም ‹አይሆንም› ብቻ ብለው አይለፉት፤ ለምን እንደማይሆን ይንገሩት።»

ልጁ ዝም ብሎ ሲያዳምጠን ቆይቶ፣ «እኔ ታዲያ መቼ ነው የምደርሰው?» አለኝ። እኔም፣ «ልጄ፤ የኔታ ፊደል ሳትለይ ዳዊት ያልሰጡህ ጠልተውህ ነውን?» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ይህም እንዲሁ ነው፤ የተባልኸው ‹ገና› ነው እንጂ ‹አትረባም› አይደለም» ብዬ አሰናበትሁት። አባትየው እጁን ይዘው ሲሄዱ፣ ልጁ አሁንም አንድ ነገር ይጠይቃቸው ነበር፤ እርሳቸውም ጎንበስ ብለው ይመልሱለት ነበር። የሚሻለውም ይኸው ነው።

አምላካችን ለልጆቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ያድለን።