ሆ ለማለት ፓስፖርት

«ኳስ ሕዝብን አንድ ያደርጋል» የሚለው ነገር መቼም ሰልችቶናል። ማስታወቂያው ይለዋል፣ ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ይለዋል፣ ጋዜጠኛውም (የኛው ሙያ ሰው፣ ምን ይደረግ) ሳይደግመው አያድርም። ለኛ አይዋጥልንም። ስለ አቢጃን የምንጽፈውም ይህንኑ ለመድገም አይደለም።

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ሦስት ጓደኛሞች ትሬሽቪል ሰፈር ነበርን። እዚያ «ማኪ» የሚሏቸው ቤቶች አሉ፤ ደጅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው የተጠበሰ ዓሣ ከአቼኬ ጋር ያቀርባሉ። አቼኬ ከካሳቫ ይሠራል፣ ሲያዩት ቂንጬ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፣ ኮትዲቯር ከናይጄሪያ። ትሮስት-ኢኮንግ ለናይጄሪያ ሲያገባ ሰፈሩ ጭጭ አለ። በ62ኛው ደቂቃ ኬሲዬ አቻ አደረገ። በ81ኛው ሴባስቲያን ሃለር፣ ያ ከካንሰር ድኖ የተመለሰው አጥቂ፣ ሁለተኛዋን ሲያስገባ የሆነውን ለመጻፍ ቃል ያጥረናል። ድስት ክዳን፣ ጥሩምባ፣ የመኪና ጡሩንባ፣ እልልታ የሚመስል ነገር፣ ሁሉም ባንድ ላይ።

ይኼ እኮ ጥር 13 ቀን እዚያው አቢጃን በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 የተቀጣ ቡድን ነው! አሠልጣኙ ውድድሩ ሳያልቅ ተሰናበቱ፣ ምክትላቸው ኤመርስ ፋዬ ተተኩ፤ ቡድኑም ከምድቡ ያለፈው ሞሮኮ ዛምቢያን ስላሸነፈችለት ነው። ሕዝቡም ውለታ አልረሳም፣ የሞሮኮን ባንዲራ ሲያውለበልብ ከርሟል።

ለኛ ብርቅ የሆነብን ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት የሦስታችንንም ጉንጭ ብርቱካንማ ቀለም ሲቀቡን ከየት እንደመጣን አልጠየቁንም። የማን ወገን እንደሆንን የጠየቀንም የለም። እኛ እኮ ሰው ተሰብስቦ ስናይ መጀመሪያ የሚመጣልን «የማን ነው ደግሞ ይሄ?» የሚለው ነው።

ታዲያ ኮትዲቯሮች ከኛ የተሻሉ ሆነው ነው? ኧረ አይደለም። መስከረም 1998 ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ሲያልፉ፣ ድሮግባ ከጓደኞቹ ጋር መልበሻ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ «መሣሪያችሁን አስቀምጡ» ብሎ ለመነ። ግንቦት 1999 የአማጽያኑ ዋና ከተማ በነበረችው ቡዋኬ ማዳጋስካርን 5 ለ 0 ደበደቡ፣ አገር ምድሩ ጨፈረ። በ2003 ግን ከምርጫ በኋላ ተመልሰው ተጋደሉ፣ ወደ 3,000 ሰው አለቀ። ኳስ ጦርነት አላስቆመም። ያን ማታ ያየነው ደስታ ይህ ሁሉ ባለፈበት ሕዝብ መሐል ነው፣ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል እንደዚያ የጮኸው።

ለዚህ ደስታ ግን ሜዳ ያስፈልጋል። ፍጻሜው የተካሄደበት የኤቢምፔ ስታዲየም መስከረም 1 ቀን 2016፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል፣ በዝናብ ተጥለቅልቆ ከማሊ ጋር የተጀመረው የወዳጅነት ጨዋታ በእረፍት ሰዓት ተቋረጠ። ጉድ ተባለ። በአራት ወር ውስጥ አስተካክለው ጥር 4 ቀን ዋንጫውን እዚያው ሜዳ ላይ ከፈቱት።

በኛ በኩልስ? አዲስ አበባ ስታዲየም የካፍን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ከታገደ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፣ የባሕር ዳሩም እንዲሁ። ቦሌ ያለው አደይ አበባ ገና በግንባታ ላይ ነበር። ዋልያዎቹ ኅዳር 2016 ከሴራሊዮን ጋር «የሜዳቸውን» ጨዋታ የተጫወቱት ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ነው። ጉንጫችንን የቀቡን እናት «የናንተስ ቡድን አገሩ ላይ መቼ ይጫወታል?» ብለው በፈረንሳይኛ ቢጠይቁን፣ ከመካከላችን ትንሽ የምትሞክረዋ «ሞሮኮ» ብላ መለሰች። ጥያቄው ያልገባት መስሏቸው ቀስ ብለው ደገሙላት።

ስታዲየም ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ፤ ዳቦ ይቅደም ይላሉ። ዳቦውም ይቅደም፣ አንጣላም። ግን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ እኛ ልጆች ነበርን፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ እያቀፈን ነበር የሚያልፈው። ያኔ ያልተወለዱት ታናናሾቻችን ደግሞ ሲያድጉ ያየናቸው ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠው በአርሴናልና በማንቼ ሲሰዳደቡ ነው።