የሸክላው ጀርባ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሰኮሩ በተመለስን ጊዜ አንድ አረጋዊ የቡና ነጋዴ አርባ ያህል ሸክላ በካርቶን አውጥተው አሳዩን። ከላይ ያገኘነው የዓለማየሁ እሸቴ ነበርና ደስ ብሎን «አባባ፥ ይህንንስ እናውቀዋለን» አልናቸው። እሳቸውም «ጀርባውንስ፥ ልጆቼ?» አሉን። ዝም አልን። ለካ በስልካችን ስንሰማ የኖርነው አንዱን ፊት ብቻ ኖሯል።

ይህን የምንጽፈው ያ ዝምታ ስለ ከነከነን ነው። ትንሹ ሸክላ ሁለት ዘፈን ይይዛል፤ በፊቱ አንድ፥ በጀርባው አንድ። ጀርባውን ያልሰማ ሰው ግማሹን ሥራ አያውቀውም።

ዓለማየሁ የኛው የጅማ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጅማ ተወልዶ በአዲስ አበባ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነ። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተከልሎ ሳለ፥ ቅጣቱን ሳይፈራ የመጀመሪያ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። በዚያ ሸክላ ላይ የዘፈነው ዓለማየሁ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎች ካወጣ በኋላ ተሰደደ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ።

ዓለማየሁ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» መባሉን እኛ አንወደውም። ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሚውን ያሰንፋል። ጩኸቱን ከአሜሪካዊው ጋር አመዛዝኖ የጨረሰ ሰው፥ በብዙዎቹ ዘፈኖች ፒያኖውን የመታውና ሙዚቃውን ያቀነባበረው ግርማ በየነ መሆኑን መቼ ይጠይቃል? ይህ የኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። ዓለም የዲትሮይቶቹን የቴምፕቴሽንስን አምስት ድምፆች ሲያደንቅ፥ ከበስተኋላ የሚጫወቱት የሞታውን ሙዚቀኞች ስማቸው በሸክላ ላይ ሳይጻፍ ዓመታት አልፈዋል። የተጻፈላቸው እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም የእነዚህን ሰዎች ዘፈን ከነታሪኩ አውጥቷል። እናመሰግነዋለን፤ በመጠኑም እናፍራለን። ሸክላው ሰኮሩ ተኝቶ ታሪኩ ከፓሪስ መምጣት ነበረበትን?

«ስንት ችግር ባለበት አገር ዘፈን ምን ይሠራል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እኛ የጠየቅነው ግን ግድብ አይደለም። ማኅበራችን አንድ ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ይግዛልን። ዐርብ ማታ ተሰብስበን ሁለቱንም ፊት እንስማ፤ በመካከሉ ክብ ወረቀት ላይ የተጻፈውንም ስም ሁሉ አንዳችን በደብተር እንመዝግብ። መምህሮቻችንም በቤታቸው ያለውን ቢያመጡ ደስ ይለናል።

የሰኮሩው ነጋዴ ሸክላዎቹን ሊያውሱን ፈቅደዋል። የራሳቸው ማጫወቻ መርፌው ከተሰበረ ሰንብቷልና፥ ጀርባውን በምንሰማበት ቀን እንድንጠራቸው አደራ ብለውናል።