በእግሩ የገባ ሰው

የህብለ ሰረሰር ዕጢ አለበት የተባለ ሰው ቤት ጠያቂ ሲሰበሰብ ምክሩ አይጠፋም። «ኧረ ቀዶ ሕክምና እንዳትገባ፣ እነ እገሌን ሽባ አድርጎ ያስቀረው እሱ አይደል!» ይባላል። ከዚያ ወጌሻው ይጠቆማል፣ ጠበሉ ይጠቆማል፣ «ዲስክ ነው፣ ታሽቶ ይለቅሃል» የሚልም አለ። ፍርሃቱን አልነቅፍም። ከትንሽ ጣት በማይወፍር ነገር ላይ ስለት ማሳረፍ ያስፈራል። የማይገባኝ ሒሳቡ ነው። ታማሚው በኋላ ይራመድ አይራመድ እንደሆነ ከምንም በላይ የሚያመለክተው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባበት ሁኔታ ነው። በእግሩ የገባ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ይኖራል፤ እግሩ ከከዳው ወራት ቆጥሮ የገባ ግን ዕጢው ተጠራርጎ ቢወጣለትም እግሩ ላይመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ወቀሳው ለቢላው ይሰጣል።

በፈረንጆቹ 1887 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሆርስሊ የተባለው ቀዶ ሐኪም በታሪክ ስሙ የገነነበትን ሥራ ሠራ። ታማሚው አንድ ካፒቴን ነበር። ከትከሻው ሥር የጀመረው ሕመም ሦስት ዓመት ከሐኪም ሐኪም አንከራትቶት በመጨረሻ እግሮቹ አልታዘዝ አሉ። ዕጢ መሆኑን በምርመራ ብቻ የገመተው ዊልያም ጋወርስ ነው፤ ራጅ እንኳ ገና አልተፈጠረም። ሆርስሊ ከፍቶ ሲያይ ምንም የለም። ሊዘጋው ሲችል አንድ አጥንት ወደ ላይ ጨምሮ አነሣ፤ ዕጢው እዚያ ተቀምጧል። ካፒቴኑ ከዓመት በኋላ እየተራመደ ሥራው ላይ ነበር።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «እንግዲያው ሽባም ቢሆን ይድናል» ማለት ግን አያዋጣም። የካፒቴኑ ዕጢ ህብለ ሰረሰሩን ከውጭ የተጫነ ነበር። ከውስጥ የበቀለው ሌላ ነው፤ እሱን ለማውጣት ህብለ ሰረሰሩ ራሱ በጀርባ በኩል መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። እዚያ የሚያልፉት ነርቮች ደግሞ እግራችን የት እንዳለ የሚነግሩን ናቸው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰውየው ጉልበት እያለው መሬቱ የጠፋበት ይመስላል። ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ ጠዋት ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ዓይኑን ሲጨፍን ይንገዳገዳል፣ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ ይዳብሳል። ብዙዎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራል። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ግን በመጀመሪያው ቀን «አበላሹት» ይላል። አልፈርድበትም።

ሌላም ጣጣ አለ። ቁስሉ ላይ ያለው ፋሻ እንደ ውኃ በጠራ ፈሳሽ ከራሰ ፈሳሹ ከህብለ ሰረሰሩ ሽፋን አፈትልኳል ማለት ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም፤ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ሽንት እምቢ ሊል ይችላል። በተኛ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ልጆች ላይ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ጀርባ ሊጎብጥ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ትልቅ ነገር ነው። ግን በእኔ ግምት ትኩረታችን አሁንም ቀዶ ሕክምናው ላይ ያልቃል። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚያገላብጡ፣ ካቴተሩን እንዴት በንጽሕና እንደሚይዙ ለቤተሰቡ በእጅ አሳይቶ መሸኘት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተረከዝና መቀመጫ ላይ የሚወጣው የአልጋ ቁስል የተሳካ ቀዶ ሕክምናን መና ያስቀራል። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ስፌት የሚፈታበት ቀን እንደሚጻፍ ሁሉ የፊዚዮቴራፒው የመጀመሪያ ቀንም አብሮ ይጻፍ፤ ያ ቀን ሳይያዝ አልጋው ባይለቀቅ እመርጣለሁ።