ልጆችን ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍ ስለ ማስተማር

ልጁን ፊደል ላስቈጠረ አባትና ሒሳብ ላስጀመረች እናት በዛሬው ዘመን ሦስተኛ ትምህርት ተጨምሮባቸዋል፤ ይኸውም ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍ ነው። ወላጆች ይህን ጥበብ ፈጽመው ባይማሩትም መጀመሪያውን ቢያውቁት የልጃቸውን ሥራ ለመመርመር ይችላሉ። መጀመሪያውም ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ተለዋዋጭ የሚባለው፣ ሁለተኛውም ከሰው ቃል መቀበል ነው።

ተለዋዋጭ ማለት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለተቀመጠ ነገር የተሰጠ ስም ነው። ይህንንም በሹመት መስሎ ማስረዳት ይቻላል። የሹመቱ ስም ጸንቶ ይኖራል፤ በሹመቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ይለዋወጣል። እንደዚሁም «ጤፍ» ላልነው ስም 12 ብንሰጠው 12ን ይይዛል፤ ኋላ 20 ብንሰጠው 12ን ትቶ 20ን ይይዛል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የእኩልነት ምልክት ትርጓሜው በቀኝ ያለውን በግራ ላለው ስም ስጥ ማለት ነው። «ጤፍ = ጤፍ + 8» የሚል ጽሕፈት ልጁን ቢያስደንቀው፣ የነበረውን ወስደህ 8 ጨምረህ በዚያው ስም አኑር ማለት እንደ ሆነ ይነገረው።

ጊዶ ቫን ሮሱም የሚባል ሆላንዳዊ በ1983 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991) ያወጣው ፓይተን የተባለው ቋንቋ ለጀማሪዎች የተመቸ ነው። በ2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2008) በወጣው በሦስተኛው ዕትሙም ተለዋዋጩን በራሳችን ፊደል ለመሰየም ይቻላል።

በዚህ ቋንቋ «ኢንፑት» የሚባለው ትእዛዝ ጥያቄውን አሳይቶ ይጠብቃል፤ የተጻፈለትንም መልስ ይቀበላል። ነገር ግን የነገሩትን ሁሉ ፊደል በፊደል እንደሚመዘግብ ጸሐፊ ነው፤ ቍጥር ይሁን ስም አይመረምርም። ጉዳቱም ከዚህ ይመጣል። አንድ ልጅ የቤቱን እህል ለመደመር ከአንዱ እርሻ 12 ኩንታል፣ ከሁለተኛው 8 ኩንታል አስገብቶ ደምር ቢለው፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ጽሕፈት አቀጣጥሎ 128 ብሎ ይመልሳል። ስሕተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም፤ ቍጥሩም ለሚያየው የማይታመን አይመስልም። በዚህ መዝገብ ተማምኖ ውል የተዋዋለ አባወራ የሌለውን 108 ኩንታል እንዲያስረክብ ይገደዳል።

መድኃኒቱ «ኢንት» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ የተቀበለውን ጽሕፈት ወደ ሙሉ ቍጥር ይለውጠዋል፤ ድምሩም 20 ይሆናል። እንደ 12.5 ያለ ክፍልፋይ የሚገባበት ሲሆን ግን «ፍሎት» የሚባለው ያስፈልጋል። ሰውየው «አሥራ ሁለት» ብሎ በፊደል፣ ወይም «፲፪» ብሎ በግእዝ አኃዝ ቢጽፍ ትእዛዙ አልቀበልም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ልጁ በዚህ አይዘን፤ በዝምታ ከመሳሳት በግልጽ መቆም ይሻላልና። ይልቁንስ ጥያቄውን «በቍጥር ብቻ ይጻፉ» ብሎ ቢያቃና፣ የተሳሳተውንም ሰው ዳግመኛ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሥራውን ሲያሳያችሁ ከምስጋናው ጋራ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ይህ ስም ምን ይዟል? የያዘው ቍጥር ነው ወይስ ጽሕፈት? መልሱንስ በእጅህ ደምረህ አይተኸዋልን? በ12 እና በ8 የለመደውን ጥንቃቄ፣ ነገ የመንግሥት መዝገብ በዐደራ ሲሰጠው አይረሳውም።