«ክትትል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ክትትል» የሚለው ቃል ለጆሯችን ያስፈራል። ዘበኛ ይከታተላል፤ ጎረቤት ይከታተላል፤ ዘመድ ይከታተላል። ታዲያ ፅንሷን በመድኃኒት አቋርጣ ወደ ዶርሟ የተመለሰች እኅታችን «ክትትል ያስፈልግሻል» ስትባል ብርድ ልብሷን ብትከናነብ ምን ይገርማል? እኛ ግን ቃሉን ከወሬ አቀባዮች እጅ ነጥቀን ለሕክምና እንመልሰው እንላለን!

ሕጉ እንደሆነ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፣ ፅንሱ በአስገድዶ መድፈር ሲመጣ፣ የእናት ጤና ሲሰጋ፣ ወይም በዕድሜ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ስትሳናት፣ በሕክምና ተቋም የሚደረግ ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ግን ዶርም አይገባም። ሚፈፕሪስቶኑን ውጣ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሚሶፕሮስቶሉን ስትወስድ፣ ቁርጠቱም ደሙም የሚመጣው እኛው ዘንድ ነው።

አንዳንዱ «የግድ በቀጠሮ ትመለስ» ይላል። በምን ገንዘብ? ለማን ምን ብላ? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ችግር ላልገጠማት ሴት የመልስ ቀጠሮ ግዴታ እንዳልሆነ ገልጿል። ግን ልብ በሉ! ይኸ የሚሆነው ምን እንደሚጠብቃትና መቼ ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለባት በደንብ ተነግሯት ከሆነ ነው። ኪኒን አስጨብጦ «በይ ሂጂ» ማለት የቤት ውስጥ እንክብካቤ አይደለም፤ መጣል ነው።

ስለዚህ እንወቅ። ቁርጠትና ከወር አበባ የበዛ ደም የሚጠበቅ ነው፤ ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ይረዳል። በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ በደም እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳቱ ከአንድ ቀን ካለፈ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየች፣ ሕመሙ በማስታገሻ እምቢ ካለ ወይም ራሷን ከሳተች፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም! ደም ጨርሶ ካልመጣ ወይም የእርግዝናው ምልክት ካልለቀቃት ትመለስ። ተራው የሽንት ምርመራ ግን ከተሳካም በኋላ ለሳምንታት «አለ» ሊል ስለሚችል በማግስቱ መርምራ አትደንግጥ። ወር አበባዋ ሳይመለስም ልታረግዝ ትችላለችና መከላከያው ካሁኑ ይታሰብበት።

ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ ስንት ነው? በካፌ ሰልፍ ላይ ስሟን የሚያነሳ ግን ሞልቷል! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ የሚያስደብቃት የኛው ምላስ መሆኑን ግን እንረሳለን። ወንዶቹም «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለን አንሽሽ፤ ብቻዋን አላረገዘችም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የተማሪዎች ክሊኒክ የአደጋ ምልክቶቹን እኅቶቻችን በሚያነቡት ቋንቋ ሁሉ ጽፎ ይስጥ። ሌሊት የሚነሳ ስልክ ይኑር። የታመመች ተማሪ ስትወጣ ዘበኛው «ምን ሆነሽ ነው?» ሳይል በሩን ይክፈት። እኛም ውኃ አሙቀን፣ ሰዓት ቆጥረን፣ አፋችንን ዘግተን አጠገቧ እንደር።

ክትትል ማለት ይኸው ነው!