ባትሪው ተጠየቀ፤ ፍሬኑስ?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ደላሎች እጅ በብዛት ይገላበጣል። የገዥው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ይወስዳል?» ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የቤንዚን መኪና ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጠረው ቫኪዩም ለፍሬኑ ሰርቮ ጉልበት ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ይህ ሞተር ስለሌለው አንዳንዱ ሞዴል በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የቫኪዩም ፓምፕ ተገጥሞለታል። ሌላው ደግሞ ያለ ቫኪዩም በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያግዝ ሰርቮ ስላለው ይህ ጣጣ የለበትም። መኪናው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መናገር የሻጩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ቫኪዩሙ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለው ፓምፑ እረፍት ያጣል። እረፍት ያጣ ፓምፕ ዕድሜው ያጥራል፤ ሲሞት ደግሞ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ፍሬኑ ጨርሶ ባይጠፋም ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ገንዘብ የሚባክነው ጋራዥ ውስጥ ነው። ፓምፑ ደጋግሞ ሲጮህ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ አዲስ ማስመጣት ለመካኒኩም ለመለዋወጫ ነጋዴውም ይመቻል። ጥፋቱ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም አየር እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ከሆነ ግን አዲሱም ፓምፕ እንደ አሮጌው ይደክማል። የቤንዚን ዘመን ልማድም እዚህ አይሠራም። ስፕሬይ ረጭቶ ሚኒሞው ሲለወጥ ማዳመጥ ከንቱ ነው፤ ሚኒሞ የለማ! የሳሙና ውሃም ቢቀቡት ቫኪዩም ወደ ውስጥ ስለሚስብ አረፋ አይወጣም። የሚያዋጣው ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይዞ ቱቦውን፣ ቫልቩንና ሰርቮውን ለያይቶ በየተራ መሞከር ነው። መርፌው የሚወርድበት ክፍል እሱ ነው የሚለወጠው።

ለገዥው ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ጸጥ ባለ ቦታ መኪናው በርቶ፣ አየር ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ይቁም፤ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ተረግጦ ይለቀቅ። ጤነኛ ፓምፕ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ዝም ይላል። ፔዳሉ ሳይነካ ደጋግሞ ከተነሣ ግን ደላላው «የመኪናው ተፈጥሮ ነው» ቢልም የጥገናው ሂሳብ ከዋጋው ላይ ይነሣ።